ቶሎ የማይከፈት በር

ቦንጋ ስትነሳ ቡና አብሮ ይነሳል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በዚህች ከተማ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ተሠርቷል፤ በዴቻ ወረዳ ያለችው ማንኪራ የቡና መገኛ እየተባለች ትጠራለች፤ የካፋ ደንም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ስለ ደኑም፣ ስለ ፍሬውም፣ ስለ አፈላሉም ብዙ ተብሏል። ብዙ ያልተባለለት አንድ ውለታ ግን አለ። በዚህ ተክል ፍሬ ውስጥ ያለው ካፌይን የህዋስን የውስጥ አሠራር ለመረዳት በዓለም ዙሪያ ባሉ ቤተ ሙከራዎች ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሲያገለግል ኖሯል።

አገልግሎቱ እንዲህ ነው። ተመራማሪው ካልሲየም ሲበዛ ደምቆ የሚያበራ ቀለም ወደ አንድ ህዋስ ያስገባል። ከዚያም ጠንካራ የካፌይን ፈሳሽ ያፈስበታል። ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባለው የህዋሱ ማከማቻ ተይዞ የነበረው ካልሲየም ራያኖዲን ተቀባይ በተባሉት በሮች በኩል ይወጣል፤ ህዋሱም በማይክሮስኮፑ ሥር ቦግ ይላል። ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚደነቀው በብርሃኑ ነው። አስተውሎ ለቆየ ግን ይበልጥ የሚደንቀው የብርሃኑ መጥፋት ነው። በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ያ ደማቅ ህዋስ ይደበዝዛል። ያን ሁሉ ካልሲየም ማን ሰበሰበው? ከሰብሳቢዎቹ አንዱ ሚቶኮንድሪያ ነው። ይህ እጅግ ትንሽ የህዋስ ክፍል ካልሲየምን የሚቀበልበት፣ ይዞ የሚያቆይበትና የሚመልስበት አሠራር ቀርበው ቢያዩት የማይጠገብ የረቀቀ ሥራ ነው።

ካልሲየም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አጥንትና ጥርስን ነው። በአጥንት ውስጥ ያለው ተከማችቶ የተቀመጠ ካልሲየም ነው። በህዋስ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ሥራ አለው፤ መልእክት ያደርሳል። መልእክተኛ ያደረገው ደግሞ ማነሱ ነው። ከህዋሱ ውጭ ባለው ፈሳሽ የሚገኘው ነጻ ካልሲየም ውስጥ ካለው በ10,000 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ህዋሱ ቀን ከሌት ካልሲየምን ወደ ውጭና ወደ ማከማቻው እየገፋ ውስጡን ጸጥ አድርጎ ይጠብቃል፤ ለዚህም ኃይል ይከፍላል። ውስጡ እንዲህ ጸጥ ያለ በመሆኑ ጥቂት አዮኖች ሲገቡ ወዲያው ይታወቃሉ። ሲድኒ ሪንገር በ1883 ለንደን ውስጥ ያየው የዚህ ነገር የመጀመሪያው ምልክት ነበር። በተጣራ ውሃ በተበጠበጠ ጨው ውስጥ የነበረ የእንቁራሪት ልብ ደክሞ ሲቆም፣ በቧንቧ ውሃ በተበጠበጠው ውስጥ ያለው ግን መምታቱን ቀጠለ። ልዩነቱን ያመጣው በቧንቧው ውሃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ነበር።

ይህ መልእክት እጅግ ጠርቶ የሚታየው በሚያመነጩ ህዋሳት ላይ ነው። የነርቭ ጫፍ ከጎረቤቱ ጋር የሚነጋገርበትን ንጥረ ነገር፣ ከኩላሊት በላይ ያለው የአድሬናል ዕጢ አድሬናሊንን፣ ቆሽት ኢንሱሊንንና ምግብ የሚያብላሉ ኢንዛይሞችን ያመነጫሉ። ሁሉም ያዘጋጁትን በጥቃቅን ከረጢቶች ሞልተው ያስቀምጣሉ። በነርቭ ጫፍ ያለ ከረጢት ስፋቱ 40 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ላይ 25,000 ያህሉ ይሰለፋሉ ማለት ነው። ትእዛዝ ሲደርስ በህዋሱ ገለፈት ላይ ያሉ የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ። በበሩ አፍ አጠገብ የካልሲየም መጠን ለቅጽበት በመቶዎች እጥፍ ይወጣል። ሲናፕቶታግሚን የተባለው ፕሮቲን ካልሲየሙን እንደያዘ ከረጢቱ ከገለፈቱ ጋር ይዋሃድና ይዘቱ ወደ ውጭ ይፈሳል። ይህ ሁሉ በነርቭ ጫፍ ላይ አንድ ሚሊሴኮንድ እንኳ ላይፈጅ ይችላል። በርናርድ ካትዝ የነርቭ ጫፍ ንጥረ ነገሩን እንዴት እንደሚለቅ ባሳየው ሥራ በ1970 ኖቤል ተሸለመ፤ ጄምስ ሮትማን፣ ራንዲ ሼክማንና ቶማስ ዙድሆፍ ደግሞ ከረጢቶቹ የሚጓዙበትንና የሚዋሃዱበትን ሥርዓት በመግለጣቸው በ2013 ተሸለሙ።

አንድ ቁጥር እዚህ ላይ መያዝ አለበት። ፍሬድሪክ ዶጅና ራሚ ራሃሚሞፍ በ1967 በእንቁራሪት ነርቭና ጡንቻ መገናኛ ላይ እንዳሳዩት፣ የሚለቀቀው መጠን ከካልሲየሙ ጋር እኩል አያድግም፤ ወደ አራተኛ ርቢው ተጠግቶ ያድጋል። ካልሲየሙ እጥፍ ሲሆን የሚለቀቀው 16 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ካልሲየሙ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ የሚለቀቀው ወደ አሥራ ስድስተኛው ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በዚያ ጠባብ ሥፍራ ካልሲየምን በጥቂቱ መቀነስ ወይም በጥቂቱ ማቆየት የሚችል አካል ቢኖር የህዋሱን ልግስናና ቁጥብነት የሚወስነው እርሱ ነው። ሚቶኮንድሪያ የቆመው ልክ እዚያ ላይ ነው።

ሚቶኮንድሪያ ሁለት ሽፋን አለው። በውስጠኛው ሽፋን ላይ ከምግብ የተገኙ ኤሌክትሮኖች እየተላለፉ ፕሮቶኖችን ወደ ውጭ ይገፋሉ። ፒተር ሚቸል በ1961 ይህን ሐሳብ ሲያቀርብ ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር፤ በ1978 ግን ኖቤል አሸለመው። ፕሮቶኖቹ ወደ ውጭ ሲወጡ ውስጡ አሉታዊ ይሆናል፤ በሽፋኑ ግራና ቀኝ እስከ 180 ሚሊቮልት የሚደርስ ልዩነት ይፈጠራል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ሽፋኑ ግን ውፍረቱ 6 ናኖሜትር ገደማ ነው። ይህ በአንድ ሜትር ሲሰላ 30 ሚሊዮን ቮልት ይሆናል። ሁለት አዎንታዊ ሙል የተሸከመው ካልሲየም ደግሞ ወደዚህ አሉታዊ ሥፍራ አጥብቆ ይሳባል። ስሌቱ እንደሚያሳየው፣ ካልሲየም በነጻ እንዲገባ ቢፈቀድለት ኖሮ በሚቶኮንድሪያው ውስጥ ያለው ከውጭው በሚሊዮን እጥፍ እስኪበልጥ ድረስ ይገባ ነበር። ያን ጊዜ ሚቶኮንድሪያው ይሞታል፤ ህዋሱም ይከተለዋል። ስለዚህ የሥራው ሁሉ ጥበብ ያለው በበሩ ላይ ነው።

ሚቶኮንድሪያ ካልሲየም እንደሚያስገባ የታወቀው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። በሩ የትኛው ፕሮቲን እንደሆነ ለመለየት ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ። መፍቻው የተገኘበት መንገድ ለእኛ አገር አንባቢ ቅርብ ነው። በኦሞ ጊቤ ተፋሰስ ቆላዎች በቆላ ዝንብ እየተላለፈ ከብት የሚፈጀውን ገንዲን የሚያመጣው ትሪፓኖሶማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ ነው። የዚህ ወገን ተውሳኮች ሚቶኮንድሪያ ልክ እንደ ሰው ካልሲየም ያስገባል። ጠጃችንን የሚያፈላው እርሾ ሚቶኮንድሪያ ግን ይህ ችሎታ የለውም። በቦስተን በቫምሲ ሙታ የሚመራው ቡድን ይህን ልዩነት መነሻ አደረገ፤ ለሰውና ለተውሳኩ የጋራ የሆኑ፣ ከእርሾው ግን የጠፉ የሚቶኮንድሪያ ፕሮቲኖችን አበጠረ። በ2010 ሚኩ1 የተባለው ፕሮቲን ተገኘ። በ2011 ይኸው ቡድንና በጣልያን ፓዱቫ በሮዛሪዮ ሪዙቶ የሚመራው ሌላ ቡድን ለየብቻቸው በአንድ ጊዜ በሩን ራሱን ለዩት፤ ስሙም ኤምሲዩ ተባለ።

አሁን በሩን ቀርበን እንየው። በሩ የተሠራው አራት አንድ ዓይነት ፕሮቲኖች ክብ ሠርተው በመቆማቸው ነው። በቀዳዳው አፍ ላይ አሉታዊ ሙል ያላቸው አሚኖ አሲዶች ቀለበት ሠርተዋል። በበሩ ፊት የሚንጋጋው ፖታሲየም ጸጥ ባለ ህዋስ ውስጥ ከካልሲየም በሚሊዮን እጥፍ ይበዛል። ሆኖም የሚያልፈው ካልሲየም ነው። ዩሪ ኪሪቾክ፣ ግሪጎሪ ክራፒቪንስኪና ዴቪድ ክላፓም በ2004 የሚቶኮንድሪያን የውስጥ ሽፋን በቀጭን የመስታወት ቱቦ ይዘው የበሩን የኤሌክትሪክ ፍሰት በቀጥታ ሲለኩ ያገኙት ይህንኑ ነው፤ ቀለበቱ ካልሲየምን እጅግ አጥብቆ ስለሚይዝ ሌላው ማለፊያ አያገኝም። ከሚሊዮን መካከል አንዱን መርጦ ማሳለፍ፣ ያውም ሳያዘገዩ፣ ቀላል ነገር አይደለም።

ከበሩ ላይ ደግሞ ጠባቂ ተቀምጧል፤ ሚኩ1። የቀድሞው የካፋ መንግሥት እስከ ፍጻሜው እስከ 1897 ድረስ ድንበሩን በጥልቅ ቦይ አጥሮ፣ መግቢያውን በበር ጠባቂዎች ያስጠብቅ ነበር፤ የመጣ ሁሉ ዝም ብሎ አይገባም፣ በሩ የሚከፈተው ጉዳዩ ታውቆ ነው። ሚኩ1ም እንዲሁ ነው። የካልሲየሙ መጠን በእረፍት ላይ እስካለ ድረስ ቀዳዳውን ይዘጋል። መጠኑ ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ሲደርስና ሲያልፍ ግን ራሱ ካልሲየም ይይዝና ቅርጹን ለውጦ መንገዱን ይለቃል። እንግዲህ ሚቶኮንድሪያ ተራ ወሬ አይሰማም። እውነተኛ ትእዛዝ ሲመጣ ግን በሙሉ ኃይሉ ይቀበላል። ይህ እምቢታ የሥራው ዋና ውበት ነው። በሩ በቶሎ የሚከፈት ቢሆን ኖሮ ጥቃቅን መልእክቶችን ሁሉ ይውጣቸው ነበር፤ ህዋሱም ለስለስ ያለ ንግግር አይኖረውም ነበር።

ነገር ግን ይህ እምቢታ አንድ ጊዜ ሳይንቲስቶችን አሳስቷል። በሩ የሚፈልገው የካልሲየም መጠን በህዋስ ውስጥ በአማካይ ከሚለካው በላይ ሆኖ ስለተገኘ፣ ሚቶኮንድሪያ በጤናማ ህዋስ መልእክት ውስጥ ድርሻ የለውም የሚለው አመለካከት ለዓመታት ገነነ። ያን ያፈረሰው ከባሕር የመጣ መሣሪያ ነው። ኦሳሙ ሺሞሙራ በ1962 ከጄሊፊሽ ያገኘው ኤኮሪን ካልሲየም ሲነካው የሚያበራ ፕሮቲን ነው። ሪዙቶና ቱሊዮ ፖዛን በ1992 ኤኮሪንን በህያው ህዋስ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ እንዲቀመጥ አድርገው ሲያዩ፣ ህዋሱ ትእዛዝ በተቀበለ ቁጥር የሚቶኮንድሪያው ካልሲየም ፈጥኖና ከፍ ብሎ ይወጣል። የአማካዩ ቁጥር ያልነገራቸው ቦታውን ነበር። በ1998 እንደታየው፣ ሚቶኮንድሪያ ከካልሲየም ማከማቻው ጋር ጎን ለጎን ተጠግቶ ይኖራል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በብዙ ሥፍራ ከ10 እስከ 30 ናኖሜትር ነው፤ ሁለቱን አስተሳስረው የሚይዙ ፕሮቲኖችም አሉ። የማከማቻው በር ሲከፈት በዚያች ጠባብ ክፍተት ያለው ካልሲየም ከተቀረው ህዋስ ብዙ እጥፍ ይልቃል። ሚቶኮንድሪያው ከፍተኛውን መጠን የሚያገኘው ሌላው ህዋስ ገና ሳይሰማ ነው። ጆሮው ከባድ የሆነው ተናጋሪው አጠገብ ስለተቀመጠ ነው።

ቦታውንም የሚመርጠው በዘፈቀደ አይደለም። ሚቶኮንድሪያዎች በረጅሙ የነርቭ ክር ውስጥ ማይክሮቲዩቡል በሚባሉ ቀጫጭን ሐዲዶች ላይ ወዲያና ወዲህ ይጓዛሉ። ከተሸካሚያቸው ጋር የሚያያይዛቸው ፕሮቲን ሚሮ ይባላል፤ ሚሮም ካልሲየም የሚይዝባቸው ክፍሎች አሉት። ካልሲየም የበዛበት ቦታ ሲደርሱ ሚሮ ካልሲየም ይይዛል፤ ጉዞውም ይቆማል። ካልሲየም የሚበዛው ደግሞ ሥራ ባለበት ቦታ ነው። ስለዚህ አዛዥ ሳይኖር፣ ካርታ ሳያስፈልግ፣ ሚቶኮንድሪያ የሚፈለግበት ቦታ ላይ ይቀራል። ይህን ያህል ትንሽ ዘዴ ይህን ያህል ትልቅ ጉዳይ ሲያከናውን ማየት ልብ ይሞላል።

አሁን ይህ ሁሉ በማመንጨት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ በሦስት ህዋሳት እንየው።

የመጀመሪያው በአድሬናል ዕጢ ውስጥ ያለው የክሮማፊን ህዋስ ነው። ስንደነግጥ አድሬናሊን ወደ ደም የሚለቀው እርሱ ነው። የስፔን ተመራማሪዎች በ2000 እንዳሳዩት፣ ህዋሱ ሲቀሰቀስ ከገለፈቱ ሥር ባሉት ሚቶኮንድሪያዎች ውስጥ ያለው ካልሲየም በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ወደ ሚሊሞላር ደረጃ ይጠጋል፤ ይህም ከእረፍቱ በሺዎች እጥፍ የሚበልጥ ነው። ሚቶኮንድሪያው ካልሲየም እንዳይወስድ ሲደረግ ደግሞ ህዋሱ የሚለቀው ብዙ እጥፍ ጨመረ። የተራው ሰው ድንጋጤ በልክ የሚሆነው፣ ልብም በሚገባት ፍጥነት የምትመታው፣ በዚያ በገለፈት ሥር ባለው ሥፍራ ይህ መመጠን ስላለ ጭምር ነው።

ሁለተኛው ቆጮውንም ሥጋውንም የሚያብላሉ ኢንዛይሞችን የሚያመነጨው የቆሽት ህዋስ ነው። ይህ ህዋስ ሁለት ወገን አለው። ከረጢቶቹ በጫፉ ተሰብስበዋል፤ ኒውክሊየሱ በመሠረቱ በኩል ነው። በሊቨርፑል በኦሌ ፒተርሰን የሚመራው ቡድን በ1999 ያሳየው ነገር ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለዓይን የሚያምር ነው፤ ሚቶኮንድሪያዎች የከረጢቶቹን አካባቢ ዙሪያውን ከበው ቀበቶ ሠርተው ይገኛሉ። ትንሽ ትእዛዝ ሲመጣ የካልሲየሙ መልእክት በጫፉ ይነሳል፣ ከረጢቶቹን ያስለቅቃል፣ ወደ መሠረቱ ሊሻገር ሲል ቀበቶው ላይ ይቆማል። ሚቶኮንድሪያዎቹ ሥራ እንዲያቆሙ ሲደረግ ያው ትንሽ መልእክት ህዋሱን ሁሉ ያጥለቀልቃል። በአንድ ህዋስ ውስጥ፣ ግድግዳ ሳይኖር፣ እዚህ ይሁን እዚያ አይሁን ማለት የተቻለው በዚህ አደራደር ነው።

ሦስተኛው ኢንሱሊን የሚያመነጨው የቆሽት ቤታ ህዋስ ነው። እዚህ ሚቶኮንድሪያ ትእዛዙን ራሱ ይጀምራል። አንድ ሰው ከካፋ ደን የተቆረጠ ማር ሲበላ ከማሩ ስኳሮች አንዱ ግሉኮስ ነው። ግሉኮሱ ወደ ቤታ ህዋስ ይገባል፤ እዚያም ይሰባበራል፤ ሚቶኮንድሪያው ስባሪውን ያቃጥልና ኤቲፒ የሚባለውን የህዋስ ኃይል ተሸካሚ ይሠራል። የኤቲፒ መጠን ሲጨምር በገለፈቱ ላይ ያለ የፖታሲየም በር ይዘጋል፤ የገለፈቱ ቮልቴጅ ይለወጣል፤ የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ፤ ካልሲየምም ኢንሱሊን የያዙትን ከረጢቶች ያስለቅቃል። በአንድ ቤታ ህዋስ ውስጥ 10,000 ያህል ከረጢቶች አሉ፤ በአንድ ጊዜ የሚወጡት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። በአገራችን ለስኳር ሕመም ሲታዘዝ የኖረው ግሊቤንክላማይድ የሚሠራው ያንኑ የፖታሲየም በር በመዝጋት ነው። የገባው ካልሲየም ከፊሉ ደግሞ ተመልሶ ወደ ሚቶኮንድሪያው ይገባና ኤቲፒ መሥራቱን እንዲቀጥል ያበረታዋል። አዛዡ የትእዛዙን ውጤት ይቀበላል ማለት ነው።

ይህ ማበረታታት የቤታ ህዋስ ብቻ አይደለም። ሪቻርድ ዴንተንና ጄምስ ማኮርማክ በእንግሊዝ ብሪስቶል እንዳሳዩት፣ ካልሲየም በሚቶኮንድሪያ ውስጥ ምግብን ወደ ኃይል በመለወጥ ሥራ ቁልፍ የሆኑ ሦስት ኢንዛይሞችን ያነቃል። የዚህን ነገር ብልህነት ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ህዋስ ከረጢት ሲለቅ፣ ካልሲየም መልሶ ሲገፋ፣ አዲስ ከረጢት ሲሞላ ኃይል ያወጣል። ሥራውን ያስጀመረው ካልሲየም ነው፤ ኃይሉም እንዲሠራ ያዘዘው ያው ካልሲየም ነው። ፍላጎትና አቅርቦት በአንድ መልእክት፣ በአንድ ጊዜ ይታዘዛሉ። ኃይሉ እስኪጎድል አይጠበቅም።

የገባው ካልሲየም ውስጥ የሚቆይበት መንገድም የታሰበበት ነው። በሚቶኮንድሪያው ውስጥ አብዛኛው ካልሲየም ከፎስፌት ጋር ይጣመራል፤ በዚህም ነጻው መጠን ከልክ ሳያልፍ ብዙ መያዝ ይቻላል። ጥምረቱ የሚፈታ ስለሆነ ካልሲየሙ ጠፍቶ አይቀርም። መውጫው ሌላ በር ነው። በ2010 ኤንሲኤልኤክስ የተባለ ፕሮቲን ካልሲየምን በሶዲየም እየለወጠ እንደሚያስወጣ ታወቀ። ይህ በር ከመግቢያው እጅግ የዘገየ ነው። ስለዚህ በቅጽበት የገባው ካልሲየም ቀስ እያለ፣ በብዙ ሴኮንዶችና ከዚያም በላይ በሆነ ጊዜ ይወጣል። መዘግየቱ ጉድለት አይደለም። ዩንጉዪ ታንግና ሮበርት ዙከር በ1997 በአንድ የንጹህ ውሃ ክሬይፊሽ ነርቭ ላይ እንዳሳዩት፣ ነርቩ አጥብቆ ከሠራ በኋላ ሚቶኮንድሪያው ቀስ እያለ የሚመልሰው ካልሲየም የሚቀጥለውን መልእክት ለደቂቃዎች ያጠናክረዋል። ነርቩ ጥቂት ቀደም ብሎ መሥራቱን ያስታውሳል፤ ትውስታውም የተቀመጠው በሚቶኮንድሪያ ውስጥ ነው።

በቦንጋ ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣው ቡናስ ይህን ሁሉ ይነካዋል? ይነካዋል፤ ነገር ግን በቤተ ሙከራው መንገድ አይደለም። የማከማቻውን በሮች ለማስከፈት ተመራማሪው የሚጠቀምበት ካፌይን ቡና በጠጣ ሰው ደም ውስጥ ከሚገኘው በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ያን ያህል ካፌይን በደሙ ይዞ በሕይወት የሚቆይ ሰው የለም። በሲኒ የምንጠጣው ካፌይን የሚሠራው በሌላ፣ ይበልጥ ረቂቅ በሆነ መንገድ ነው። ሚቶኮንድሪያ የሚሠራው ኤቲፒ ሲገለገሉበት ፎስፌቶቹን እያራገፈ ሄዶ መጨረሻ ላይ አዴኖሲን ይቀራል። ነቅተን በዋልን መጠን በአንጎል ውስጥ አዴኖሲን ይጠራቀማል። በነርቮች ጫፍ ላይ ካሉት ተቀባዮቹ በአንዱ ላይ ሲያርፍ የካልሲየም በሮች እንደ ልብ እንዳይከፈቱ ያግዳል፤ የሚለቀቀው መልእክት ይቀንሳል፤ ድካም ይጫነናል። ካፌይን በዚያ ተቀባይ ላይ ቀድሞ ይቀመጥና አዴኖሲንን ቦታ ይከለክለዋል። እገዳው ይላላል፤ ካልሲየሙም እንደገና ይገባል። በ1819 ፍሪድሊብ ሩንጌ ገጣሚው ጎተ በሰጠው የቡና ፍሬ ተነሳስቶ ካፌይንን ነጥሎ ሲያወጣ፣ ንጥረ ነገሩ እስከዚህ ድረስ እንደሚዘልቅ ሊያውቅ አይችልም ነበር። እኛ ግን እናውቃለን፤ የሲኒው መነቃቃት የሚያርፈው ሚቶኮንድሪያ በሚሠራው ኃይል ትራፊ ላይ ነው።

የዚህ ሥራ ዋጋ በይበልጥ የሚታየው ሲበላሽ ነው። በ2014 እንደተገለጸው፣ ሚኩ1ን የሚሠራው ዘረመል ተበላሽቶ የተወለዱ ልጆች የጡንቻ ድካም፣ የመማር ችግርና የሰውነት እንቅስቃሴ መዛባት ያገኛቸዋል፤ በሩ ጠባቂ አጥቷልና። በአልኮል ብዛት የሚመጣው የቆሽት ብግነትም በዚሁ መሥመር ይነሳል። የአልኮል ውጤቶች የቆሽት ህዋስን ካልሲየም ከልክ በላይ ያወጡታል፤ ሚቶኮንድሪያው ይጥለቀለቃል፣ ቮልቴጁን ያጣል፣ ኤቲፒ ይነጥፋል። ኤቲፒ ሲጠፋ ካልሲየሙን የሚገፋ ኃይል አይኖርም። ምግብ እንዲያብላሉ የተሠሩት ኢንዛይሞች ገና ከህዋሱ ሳይወጡ ይነቁና ቆሽቱን ራሱን ማብላላት ይጀምራሉ። ሕመሙ ሰው ይገድላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምለው ግልጽ ነው። ሚቶኮንድሪያ የህዋስ ኃይል ማመንጫ ነው የሚለው አነጋገር ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ኃይል ማመንጨቱን ብቻ ያወቀ ሰው የበሩን እምቢታ፣ የጠባቂውን ንቃት፣ የቀበቶውን አደራደር፣ የመውጫውን ዝግታ አላየም። ሚቶኮንድሪያ ህዋስ ምን ያህል እንዲናገር፣ የት እንዲናገር፣ ለምን ያህል ጊዜ እንዲያስታውስ የሚመጥን አካል ነው። በእኔ ፍርድ ከሁለቱ ሥራዎቹ ይበልጥ የሚያስደንቀው ይህኛው ነው፤ ኃይል መስጠት ብርታት ነው፣ ልክ መስጠት ግን ጥበብ ነው።

ስለዚህ በቦንጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በየወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ተማሪ «የህዋስ ኃይል ማመንጫ» ብሎ ሲመልስላችሁ ነጥቡን ስጡት፤ ግን እዚያ ላይ አታቁሙት። ቀጥላችሁ ስለ ካልሲየም ጠይቁት። ምሳሌ ለመፈለግም ሩቅ አትሂዱ፤ ቡናው፣ ማሩ፣ ገንዲውና የጠጁ እርሾ በደጃችሁ ናቸው። በእነዚህ አራቱ ብቻ የዚህን አካል ሁለተኛ ግማሽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማስተማር ይቻላል።